የአከርካሪ ዲስክን በላብራቶሪ በሕይወት እያቆዩ መጫን፦ የትኛው ባዮሪአክተር ይሻላል?

አዳማ ውስጥ "ዲስክ አለብኝ" የሚል ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የባጃጅ ሹፌሩ፣ ሲሚንቶ አውራጁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የሚውለው፣ ሁሉም ስለ ወገቡ የሚያወራው አያጣም። ዲስኩ በምን እንደሚጎዳ፣ የተጎዳውስ በሕክምና ይመለስ እንደሆነ ለማጥናት ግን ሕያው ዲስክ ያስፈልጋል። ከሰው አውጥቶ መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከታረደ ከብት ዲስክ ያወጣሉ። በምግብ ፈሳሽ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያ በማሽን እየጫኑ ለሳምንታት በሕይወት ያቆዩታል። ባዮሪአክተር የሚባለው ይሄ ማሽን ነው።

ጽሑፉ አዳማ ላይ ሆነው እንዲህ ያለ ማሽን ለመሥራት ወይም ለመግዛት ለሚያስቡ ነው። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፣ የባዮሜዲካል መምህር፣ ምርምር የሚያምረው ሐኪም ሊሆን ይችላል። ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው ባዮሪአክተር ሲያወዳድር የሚያየው ማሽኑ በስንት አቅጣጫ እንደሚንቀሳቀስ ነው። እኔ የማየው ዲስኩ ላይ ያረፈውን ጭነት በቁጥር ማሳየት ይችላል ወይ፣ ደግሞስ ሦስት ሳምንት ሳይቆም ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ስናይ ውዱ ማሽን ሁልጊዜ አያሸንፍም።

ለምን ይጫናል?

ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው። መሃሉ ጄል መሰል ነው፤ በወጣት ሰው ላይ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ዙሪያውን ጠንካራ የክር ቀለበት ይዞታል። ከላይና ከታች ደግሞ ኢንድፕሌት የሚባል ስስ የካርቲሌጅ ሽፋን አለ። የደም ሥር ወደ መሃሉ አይገባም። ምግብና ኦክስጅን በኢንድፕሌቱ በኩል ቀስ ብሎ እየሰረገ ነው የሚደርሰው። በሰውነታችን ውስጥ ካሉት የደም ሥር አልባ አካላት ትልቁ ዲስክ ነው።

ይህን ነገር ከአጥንቶቹ ነጥላችሁ ፈሳሽ ውስጥ ብትጥሉት ውሃ መጦ ያብጣል። ሲያብጥ ውሃ የሚይዝለት ንጥረ ነገር እየታጠበ ይወጣል። ቅርጹም፣ ውስጡ ያለው ግፊትም፣ የህዋሶቹ ኑሮም ይቀየራል። ጭነት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ለዚህ ነው። ዲስክን የመጉዳት ወይም የማከም ሙከራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስንት ይጫን? በጀርመን ኡልም ከተማ ተመራማሪው ዊልከና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ልኬት እስካሁን ዋና ማጣቀሻ ነው። 70 ኪሎ በሚመዝን በጎ ፈቃደኛ ወገብ ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብተው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴውን መዘገቡ። ተኝቶ 0.1 ሜጋፓስካል ነበር (ሜጋፓስካል የግፊት መለኪያ ነው፤ በካሬ ሚሊሜትር አንድ ኒውተን ኃይል)። ቆሞ 0.5 ደረሰ። 20 ኪሎ ዕቃ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሳ 2.3 ሆነ። ያንኑ ዕቃ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ ወደ 1.7 ወረደ። ሌሊት ተኝቶ ሳለ ደግሞ ዲስኩ ውሃ እየመጠጠ ግፊቱ ከ0.1 ወደ 0.24 ወጣ።

አሁን ይሄን ወደ ኃይል እንቀይረው። ማሽን የሚመረጠው በኃይል ነውና። ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ዲስክ የገጹ ስፋት 314 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። በ0.2 ሜጋፓስካል ለመጫን 63 ኒውተን ይበቃል፤ 6.4 ኪሎ ማለት ነው። ለ0.5 ደግሞ 157 ኒውተን፣ 16 ኪሎ ገደማ። በቃ! ለብረትና ለኮንክሪት መፈተኛ የተሠራ፣ በአሥር ሺዎች ኒውተን የሚገፋ ማሽን እዚህ ጋ ከመጥቀም ይልቅ ያውካል። የመለኪያው ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ስለምትሠሩ የሚያሳያችሁ ቁጥር ዲስኩ ይሁን የራሱ መዋዠቅ አይለይም።

ከማሽኑ በፊት ዲስኩ

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የከብት ጭራ ዲስክ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቄራ ውስጥ ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ለምርምር ተብሎ የሚገደል እንስሳ የለም። አንድ ጭራ በርከት ያሉ ዲስኮች ይሰጣል። ህዋሶቹም የአዋቂ ሰውን ይመስላሉ። የጥንቸል፣ የአይጥና የአሳማ ዲስክ ግን ከፅንስ ጊዜ የቀሩ ኖቶኮርዳል የሚባሉ ህዋሶችን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ሰው እነዚያን በልጅነቱ ነው የሚያጣቸው። ስለዚህ ከጥንቸል ዲስክ የተገኘ ውጤት ወደ ሰው ሲተረጎም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሁለተኛው አማራጭ የፍየል ወገብ ነው። አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች የፍየል ወገብ ዲስክን እየጫኑ 21 ቀን በሕይወት አቆይተዋል። ፍየል እኛ ጋ ሞልቷል። ነገር ግን ሞጆ አካባቢ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ሥጋውን ከነአከርካሪው ነው የሚልኩት። ስለዚህ ወገቡን የምታገኙት ከአገር ውስጥ ቄራ ወይም ከሉካንዳ ቤት ገዝታችሁ ነው። ጭራ ከዚያ ይቀላል።

ነገር ግን የውጭውን ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ልዩነት አትዝለሉ። እዚያ የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ከብት ነው። እኛ ጋ የሚታረደው በሬ ብዙ ጊዜ ዓመታት አርሶ፣ ከዚያ ደልቦ የመጣ ነው። ዲስኩም አብሮ አርጅቷል። ህዋሱ የሳሳ፣ ውሃው የቀነሰ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ለእርጅና ጥናት ዕድል ነው፤ ወገቡን የሚያመው ሰውም ጎልማሳ ነውና። ይሁንና የእነሱን ቁጥር ከእናንተ ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። የጥርሱን ዕድሜ ቄራ ውስጥ አይታችሁ መዝግቡ። የዲስኩንም ስፋት በካሊፐር ለኩ፤ የአገራችን ከብት አነስ ይላልና 20 ሚሊሜትር ብሎ መገመት አያዋጣም።

ጾምንም አትርሱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እርድ ይቀንሳል። ረቡዕና ዓርብም እንደዚያው። አዳማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በብዛት የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች እርድ ጭርሱን አይጠፋም። ያም ሆኖ በሳምንት ሦስት ጭራ ብላችሁ ያቀዳችሁት መርሐ ግብር በሁዳዴ ይናጋል።

ሳይጭኑ ማቆየት

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዲስኩን ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጦ ማየት ማሽን አይፈልግም። ያብጣል፣ ንጥረ ነገሩን ያጣል። እንደ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን የግድ ያስፈልጋል። ጭነት ጠቅሟል የምትሉት ካልተጫነው ጋር ስታዩት ነው።

ክብደትና መፈንቅል

በጣም ቀላሉ ማሽን ይሄ ነው። ዲስኩ ከላይና ከታች ቀዳዳ ባላቸው ሁለት የስቴይንለስ ሳህኖች መካከል ይቀመጣል፤ ፈሳሹ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ኢንድፕሌቱ ይደርሳል። ከላይ ዘንግ ይወርዳል። ዘንጉ ላይ የታወቀ ክብደት ይጫናል። ለ63 ኒውተን 6.4 ኪሎ በቀጥታ መጫን ይቻላል። አንድ ለአራት የሆነ መፈንቅል ካደረጋችሁ ደግሞ 1.6 ኪሎ ይበቃል። ማታ ክብደቱን በግማሽ ቀንሱ፣ ጠዋት መልሱ፤ የሰው ቀንና ሌሊት ሆነ ማለት ነው።

ጥቅሙ ከዋጋው በላይ ነው። ዲስክ በቋሚ ጭነት ሥር ቀስ እያለ ውሃ ይለቃል፣ ቁመቱ ይቀንሳል። ሰው ራሱ ማታ ላይ ከጠዋቱ አንድ በመቶ ያህል ያጥራል። ክብደት ዲስኩ ሲያጥር አብሮት ይወርዳል። ጭነቱ አይቀየርም። ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ሳይኖር በኃይል ቁጥጥር የሚሠራ ማሽን አገኛችሁ። መብራት ቢጠፋ ስበት አይጠፋም። አዳማ ያለ አንድ ቶርኖ ቤት ሥዕሉን ካያችሁለት በቂ ጥራት አድርጎ ይሠራዋል።

ጉድለቱ ደግሞ ቋሚ ጭነት እንጂ የሚመላለስ ጭነት አለመስጠቱ ነው። ሰው ይራመዳል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ዲስክ ያን ሁሉ ይቆጥራል። ስለ እንቅስቃሴ ለመጠየቅ ክብደት አይበቃም። የዘንጉ መምሪያም ጠበቅ ካለ ሰበቃው ከክብደቱ ላይ ይሰርቃል። ቡሺንግ (ዘንጉ በቀላሉ የሚንሸራተትበት ቀለበት) ጨምሩና በሚዛን አረጋግጡ።

የአየር ፒስተን

ብዙ ላብራቶሪዎች የሠሩት እንዲህ ያለውን ነው። ኮምፕረሰር ከክፍሉ ውጭ ይቀመጣል። ቀጭን ቱቦ ወደ ኢንኩቤተሩ፣ ማለትም ዲስኩ በቋሚ ሙቀት ወደሚቆይበት ሳጥን፣ ይገባል። ትንሽ ፒስተን ዲስኩን ይጫናል። ቫልቭ ግፊቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ኢንኩቤተር 37 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከፍተኛ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ እዚያ ውስጥ ይዝጋል። አየር ግን ምንም አይሆንም። ሞተር ስለሌለም ሙቀት አይጨምርም። ይሄ ለአዳማ ትልቅ ነገር ነው። ተራ ኢንኩቤተር ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። በግንቦት ቀትር ክፍሉ ራሱ ሞቆ ሳለ ውስጡ ሞተር ብትጨምሩበት ከ37 አልፎ ይሄዳል።

የፒስተን ምርጫ ላይ ቆም በሉ። ሰው "ትልቅ ይሻላል" ብሎ 40 ሚሊሜትር ይገዛል። የዚያ ገጽ 1,257 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 63 ኒውተን ለማምጣት ግማሽ ባር የአየር ግፊት ይበቃዋል። በግማሽ ባር ላይ ደግሞ የጎማ ማኅተሙ ሰበቃ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፣ ጭነቱም ይንቀጠቀጣል። 20 ሚሊሜትር ፒስተን ውሰዱ። የገጹ ስፋት ከ20 ሚሊሜትሩ ዲስክ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሰበቃውን ትተን 2 ባር አየር ዲስኩ ላይ 0.2 ሜጋፓስካል፣ 5 ባር 0.5 ይሆናል። ሒሳቡ በጌጁ ላይ ይነበባል። ዲስኩ ቢያንስ ወይም ቢሰፋ ልዩነቱን ማስላት ቀላል ነው።

ይሁንና ጌጁን አትመኑ። ከዲስኩ ሥር ሎድ ሴል (ያረፈበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) አድርጉ። በዳቮስ፣ ስዊዘርላንድ ያለው የኤኦ ምርምር ተቋም ለከብት ጭራ ዲስክ የሚጠቀምበት ጤናማ የጭነት ዓይነት ከ0.02 እስከ 0.2 ሜጋፓስካል የሚመላለስ ነው፤ በ0.2 ኸርዝ፣ ማለትም በ5 ሴኮንድ አንዴ፣ በቀን ለ2 ሰዓት። የታችኛው 0.02 በአየር ሲሆን 0.2 ባር ማለት ነው። እዚያ ላይ ሰበቃው ይበልጣል። ፒስተኑ የወረደ ይመስላችኋል እንጂ ዲስኩ አልተለቀቀም። ሎድ ሴል ብቻ ነው የሚያጋልጠው። በተቃራኒው አቅጣጫ የምትስብ ደካማ ስፕሪንግ መጨመር ችግሩን በብዛት ይፈታል።

ያው ተቋም የሚጎዳ ጭነት ሲፈልግ ከ0.32 እስከ 0.5 ሜጋፓስካል በ5 ኸርዝ ይጠቀማል። ተራ ቫልቭና ረጅም ቱቦ ለ5 ኸርዝ ይደክማሉ። ቱቦው ሲረዝም አየሩ ራሱ እንደ ስፕሪንግ ይሆናል፣ ሞገዱ ይደበዝዛል። እስከ 1 ኸርዝ የአየር ፒስተን ጌታ ነው። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ቱቦ አሳጥሩ፣ ፈጣን ቫልቭ ግዙ፣ ወይም ወደሚቀጥለው እለፉ።

የኤሌክትሪክ ሞተር

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በፋብሪካ የተሠራ፣ በማግኔት የሚነዳ መፈተኛ ማሽን ነው። ሞገዱ ንጹህ፣ ፍጥነቱ ከበቂ በላይ ነው። ዋጋው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ መለዋወጫውም እንደዚያው። ሁለተኛው ስቴፐር ሞተርና ብሎን ገጣጥሞ በራስ እጅ የሚሠራ ነው። ተማሪዎች ይሄኛውን ይወዱታል። ሥሪዲ ፕሪንተር የሠራ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቁጥጥሩ ነው። ስቴፐር ሞተር በተፈጥሮው የሚያውቀው ርቀት ነው። "ግማሽ ሚሊሜትር ውረድ" ትሉታላችሁ፣ ይወርዳል። ዲስኩ ግን በሰዓታት ውስጥ ያጥራል። ሞተሩ ያንኑ ግማሽ ሚሊሜትር እየወረደ ሳለ ጭነቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ማታ ላይ ዲስኩ ሲያብጥ ደግሞ በተቃራኒው ያለ ልክ ይጨመቃል። ግራፉ የሚያምር ሞገድ ያሳያል፤ የርቀት ሞገድ ነውና። ዲስኩ ላይ ያረፈው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በሎድ ሴል የሚታረም፣ በኃይል የሚመራ ቁጥጥር ከሌለው ይሄን ማሽን አልመርጥም። ከዚያ ቀላሉ ክብደት ይሻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የቁጥጥር ኮዱን ለመጨረሻ ሳምንት የተወ ሰው ሙከራው መሃል ላይ ይበተንበታል።

ቁጥጥሩ በትክክል ከተሠራ ግን የራሱ ብርታት አለው። የጭነትና የቁመት መረጃ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ዲስኩ በየቀኑ ስንት እንዳጠረ፣ ሌሊት ስንት እንደተመለሰ፣ ጥንካሬው እንዴት እንደተለወጠ ከዚያ ይወጣል። ሞተሩን ከኢንኩቤተሩ ውጭ አድርጋችሁ ዘንጉን ብቻ በማኅተም አስገቡ።

የሚያጣምሙትና የሚያጎብጡት

ወገብ የሚጎዳው ዝም ብሎ ሲጫን ብቻ አይደለም። ጎንበስ ብሎ ዞር ሲሉ ነው። ስለዚህ መጫንና ማጣመምን (ዲስኩን እንደ ብሎን ማዞርን) ያዋሐዱ ማሽኖች መጡ። ስዊዘርላንድ በርን ላይ የሠሩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ሥራ አስደንጋጭ ነበር። መጫንና ማጣመም አንድ ላይ ሲሆኑ በመሃለኛው ክፍል ያሉ ህዋሶች ለየብቻ ከተደረገው ይልቅ በብዛት ሞቱ። ይሄን አንድ አቅጣጫ ያለው ማሽን በጭራሽ አይነግራችሁም። ዳቮስ ደግሞ በስድስቱም የእንቅስቃሴ አቅጣጫዎች የሚሠራ ማሽን ውስጥ ዲስክ የማቆየት ሥራ ጀምሯል።

ለማን ነው ይሄ? ጥያቄው ራሱ ስለ ማጣመም ወይም ማጉበጥ ለሆነ፣ ወይም ቀለበቱ የሚቀደድበትን ሁኔታ ለሚያጠና ሰው። ሌላው ሰው ባይነካው ይመረጣል። ማጣመም የሚፈልግ ማሽን ዲስኩን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ለዚያ አጥንት መቆየት አለበት፤ አጥንት ሲቆይ ደግሞ ምግብ ወደ ኢንድፕሌቱ መድረስ ይከብደዋል። አንዱን ስታገኙ ሌላውን ትከፍላላችሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ ማሽኑ ብዙ ጊዜ አንድ ጣቢያ፣ ማለትም አንድ ዲስክ የሚያዝበት ቦታ፣ ብቻ ነው ያለው።

የጣቢያ ነገር ሒሳብ ነው። አንድ ሙከራ 21 ቀን ከወሰደ አንድ ጣቢያ ያለው ማሽን ዓመቱን ሙሉ አንዴም ሳያርፍ ቢሠራ 17 ዲስክ ይጨርሳል። ሁለት ሦስቱ ይበከላሉ ብላችሁ አስቡ። የቀረው በየቡድኑ ሲከፋፈል ለስታቲስቲክስ አይበቃም። አራት ቀላል ጣቢያ ያለው ሰው ግን ከአንድ ጭራ አንዱን ዲስክ ለመጀመሪያ ቀን ልኬት ይሰጣል፣ አንዱን ሳይጭን ያቆያል፣ አራቱን በተለያየ ጭነት ያስገባል። ሁሉም ከአንድ እንስሳ ስለሆኑ የበሬው ዕድሜና አመጋገብ ንጽጽሩን አያዛባም። እኔ እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም፤ አራት ቀላል ጣቢያ አንድ ባለ ስድስት አቅጣጫ ማሽን ይበልጣል።

ስሙ የሚመሳሰለው ግን ሌላ የሆነው

"የዲስክ ባዮሪአክተር" ብለው የሚሸጡ የውሃ ግፊት ጋኖችም አሉ። እነዚህ ህዋሶችን ወይም ቁራጭ ሥጋን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጫናሉ። መጥፎ አይደሉም። ሃንዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰው ዲስክ ቁራጭ ላይ 0.3 ሜጋፓስካል ገደማ ውሃ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ምርት እንደሚያበረታታ፣ 3 ሜጋፓስካል ገደማ ደግሞ እንደሚገታ ያሳዩት በእንዲህ ያለ ጋን ነው። ሙሉ ዲስክ ግን ከላይና ከታች ሲጨመቅ ቀለበቱ ይለጠጣል፣ ውሃ ይወጣል ይገባል። በጋኑ ውስጥ ያ የለም። ጥያቄያችሁ የመሃለኛው ክፍል ህዋስ ከሆነ ውሰዱት። ሙሉ ዲስክ ከሆነ ስሙ አያታልላችሁ።

አዳማ ራሷ የምትጨምረው

ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ 83 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ነው። ይሄ ሁለት ቦታ ይነካችኋል።

አንደኛው ኢንኩቤተሩ ነው። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለው መመሪያ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። እኛ ጋ ያው 5 በመቶ በግፊት ሲለካ ያንሳል። የምግብ ፈሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ወደ 6 በመቶ ማድረግ ያስተካክለዋል። ዲስክ ለአሲድነት ስሱ ስለሆነ ፒኤቹን በራሳችሁ መለኪያ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ኦቶክሌቩ፣ ዕቃን በሞቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን፣ ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ እንፋሎቱ በፍጹም ግፊት (የውጭውን አየር ግፊት ጨምሮ) 205 ኪሎፓስካል መሆን አለበት። በባሕር ዳርቻ ጌጁ 104 ያሳያል። አዳማ ላይ 122 ካላሳየ 121 ዲግሪ አልደረሰም። ሙቀቱን በቴርሞሜትር የሚቆጣጠር ኦቶክሌቭ ራሱ ያስተካክላል። በጌጅ ብቻ የሚሠራው የድስት ዓይነቱ ግን ያታልላል፤ ብክለት ከየት መጣ እያላችሁ ትሰለቻላችሁ። ለዚሁ ስትሉ የማሽኑን ክፍሎች ኦቶክሌቭ ከሚችል ነገር ሥሩ። 316ኤል ስቴይንለስና ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ ይችላሉ። በሥሪዲ ፕሪንተር የወጣ ተራ ፒኤልኤ ፕላስቲክ ለስልሶ ቅርጹን ያጣል። ለናሙና ቅርጽ ማያ ይሁን እንጂ ዲስክ አይንካ።

መብራት ሌላው ነው። የኢንኩቤተሩን ዩፒኤስ ከማሽኑ በፊት ግዙ። በሚጠፋበት ጊዜ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግም ቀድማችሁ ወስኑ። ክብደት ይቀጥላል። የአየር ፒስተን ታንኩ ውስጥ ባለው አየር ጥቂት ይቆያል፤ ቫልቩ መብራት ሲጠፋ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ዲስኩ ከፍተኛ ጭነት ሥር ተቆልፎ ሊያድር ይችላል። የሚለቅ ቫልቭ ግዙ። ብሎን ያለው ሞተር ባለበት ይቆማል፣ ይሄም እንደዚያው ነው።

ፈሳሹና ኢንድፕሌቱ

ማሽን የሚያወዳድር ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄን ነው። ኢንድፕሌቱ ላይ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲታረድ በረጋ ደም ይዘጋሉ። ከተዘጉ የትኛውም ባዮሪአክተር ዲስኩን አያድነውም፤ መሃሉ በረሃብ ይሞታል። አጥንቱን በስስ መጋዝ ከቆረጣችሁ በኋላ ገጹን ግፊት ባለው የጨው ውሃ እጠቡት። የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መርጫ ካለ ተበደሩ። ከሌለ በትልቅ ሲሪንጅ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ አድካሚ ነው። ከእርድ እስከ ኢንኩቤተር ያለውን ጊዜ በሰዓታት ያዙት፣ ጭራውንም በበረዶ አምጡት።

ጉሉኮስ ደግሞ ራሱ የሙከራ አካል ነው። በሊትር 4.5 ግራም ያለው ዲስኩን ያኖራል። 2 ግራም ያለው ያስርበዋል። ዳቮስ ላይ ዝቅተኛ ጉሉኮስና ፈጣን ጭነት አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳቱ እንደሚደራረብ ታይቷል። ስለዚህ ከገበያ ያገኛችሁትን ፈሳሽ ዝም ብላችሁ አትጠቀሙ፣ ጠርሙሱን አንብቡ።

እኔ ብሆን

በመጀመሪያው ዓመት በክብደትና በመፈንቅል እጀምራለሁ። ሁለት ጣቢያ ቶርኖ ቤት አሠርቼ፣ ዲስክ ማውጣት፣ ማጠብ፣ ሳይበከል 21 ቀን ማቆየት እለምድበታለሁ። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ የሚሄደው ለሎድ ሴል፣ ለዩፒኤስና ለልኬት ነው። ወደ ፈሳሹ የወጣውን ንጥረ ነገር በማቅለሚያ መለካት ርካሽ ነው። ሕያውና ሙት ህዋስ መለየት ግን ማይክሮስኮፕና የሚያግዝ ሰው ይጠይቃል። እሱን ከማሽኑ አስቀድማችሁ አመቻቹ፤ ያለዚያ ማሽኑ ዲስኩን አኑሮት ይሁን ገድሎት አታውቁም።

ቀጥሎ አራት ጣቢያ ያለው የአየር ፒስተን እሠራለሁ፤ 20 ሚሊሜትር ፒስተን፣ በእያንዳንዱ ሥር ሎድ ሴል። ጥናቱ ስለ ፈጣን ንዝረት ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ ባጃጅና ሲኖትራክ ሹፌሮች፣ በአየር አልገባም። በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር እሄዳለሁ፤ የመቀመጫ ንዝረት በአብዛኛው በሴኮንድ ከ3 እስከ 6 ጊዜ አካባቢ ነው የሚመታው። ማጣመም ለሚፈልግ ደግሞ ምክሬ ሌላ ነው። የራሱን ከመሥራት፣ ያለው ቦታ ሄዶ ለጥቂት ወራት ቢሠራበት ይቀላል።

ማንኛውንም ከመረጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ዲስክ የጎማ ቁራጭ ይሁን። በኢንኩቤተሩ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ፣ ከነፈሳሹ፣ ማሽኑን ሦስት ሳምንት ሙሉ አሠሩት። ሎድ ሴሉ በየቀኑ የመዘገበውን ተመልከቱ። ጭነቱ ከ5 በመቶ በላይ ካልተንሸራተተ፣ ብረቱ ካልዛገ፣ ፈሳሹም ካልደፈረሰ ጭራ ለማምጣት ወደ ቄራ ሂዱ።